ውሃው እስከ ጉልበት ነው

ዛሬ በወረታ ከተማ ሳልፍ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንዱ ተነሥቶ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ከሰበሰበና የተቀመጡት ከሳቁ፣ የሚስቁት በእኔ ነው። አልቀየምም። ማን ይናገር የነበረ ነውና፣ ነገሩን ከሌላ አፍ ተጣሞ ከምትሰሙት ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

በፊት ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ታደለ ነው፤ የባሕር ኃይል ኮማንደር ነበርኩ። "ባሕር በሌለው አገር የምን ባሕር ኃይል?" ብላችሁ ለመሳቅ ካሰባችሁ ተራ ጠብቁ። አክስቴም፣ ጎረቤቴም፣ ጥርሴን የነቀለው ሐኪምም ቀድመዋችኋል። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ገብቼ የመርከብ ሞተር ተማርኩ። የባሕሩን ጨው ገና በወጉ ሳልቀምሰው ባሕሩም ባሕር ኃይሉም በአንድ ላይ ከእጃችን ወጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ወረታ ተቀምጬ የፎገራን ሩዝ ገበሬዎች የውሃ ሞተር ስጠግን ኖርኩ። ባሕር ኃይሉ እንደገና ሲቋቋም የድሮ ሰዎች ይፈለጋሉ ተባለ፤ እኔም እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ የቤት ምሥጢር ላውጣ። በባሕር ኃይል ውስጥ ሁለት ዓይነት መኮንን አለ። አንደኛው ከላይ ቆሞ መርከቧን ይመራል፤ ነጭ ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ መነጽር ያንጠለጥላል፣ ሩቅ ሩቅ ያያል። ሁለተኛው ከታች ሆኖ ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚያየው ዘይት ብቻ ነው። እኛ እነሱን "መነጽሮች" እንላቸዋለን፤ እነሱ እኛን "ግራሶዎች" ይሉናል። መነጽሮቹ መሪ የሌላት መርከብ ተንሳፋፊ ግንድ ናት ይላሉ። እኛ ደግሞ ሞተር የሌላትስ ምን ልትባል ነው እንላለን። ሹመት ሲመጣ ክርክሩ ይብሳል። መርከብ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ሥራ ስለማያቋርጠው ይበልጥ ይጣፍጣል።

ያን ዓመት አንድ የካፒቴን ቦታ ተከፈተ። አንድ ብቻ። የታሰብነው ሁለት ነበርን፤ ከግራሶ እኔ፣ ከመነጽር ኮማንደር ጌታነህ። ጌታነህ የይፋግ ልጅ ነው። ልጆች ሆነን በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ሄደን ነው የተመዘገብነው። ባሕሩ ሲሄድ እሱ ይፋግ ተመልሶ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነ፤ ሲጠሩን እሱም ተመለሰ። የሁለታችንም ዕድሜ ለጡረታ ደርሷል። ካፒቴን የሆነው ይቆያል፤ ያልሆነው በመስከረም ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

የማዕረጋችን ስም ራሱ መከራ ነው። ኮማንደር ሲባል የአገሬ ሰው የሚያውቀው የፖሊሱን ኮማንደር ነው። በመጣሁ ቁጥር የድንበር ክርክርና የተሰረቀ በሬ ይዘው ደጄ ይቆማሉ። ካፒቴን ብሆን ደግሞ አውሮፕላን አብራሪ ሊያደርጉኝ ነው። ቢሆንም ፈልጌው ነበር። በጣም ነበር የፈለግሁት። የሰው ሞተር እያስነሣሁ ግማሽ ዕድሜዬ አልፏልና አንድ ጊዜ እንኳ የላይኛው ወንበር ላይ መቀመጥ አማረኝ።

የሹመት ኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ኮሞዶር፣ ማለትም ከካፒቴን በላይ ያሉ መኮንን ነበሩ፤ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሰው። ነሐሴ ላይ ሾፌራቸው በጆሮዬ አንድ ነገር ሹክ አለኝ። ጌታዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወንዛዬ ፍልውሃ ሊነከሩ ነው አለኝ። ወንዛዬ ማለት ለወረታ ልጅ የጓሮ ያህል ነው። በዚያው ቀን እናቴ ታማለች ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። እናቴ ከእኔ የተሻለ ጤና ያላት ሴት ናት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ወንዛዬ ስደርስ አንድ ማሰሮ ማር ይዣለሁ። ልብሴን አውልቄ ወደ እንፋሎቱ ብገባ አንድ የማውቀው ራሰ በራ ከኮሞዶሩ አጠገብ እስከ አንገቱ ተነክሮ ተቀምጧል። ጌታነህ ነው። ከበስተኋላው ደንጊያው ላይ ከእኔ ማሰሮ የሚበልጥ የማር ማሰሮ ተቀምጧል። ምን ሆነህ መጣህ ብለው፣ ወገቤን አለኝ። አንተስ ቢለኝ፣ እኔ ጉልበቴን አልኩት። ኮሞዶሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በባሕር ኃይሉ ውስጥ ጤነኛ የለም ማለት ነው አሉ።

ሁለት ቀን እንዲያ ተቀቀልን። እኔ ስለ ሞተር ሳወራ ጌታነህ ስለ ባሕር ካርታ ይጀምራል፤ እሱ ፎጣ ሲያቀብል እኔ ነጠላ ጫማቸውን አቀርባለሁ። በሦስተኛው ቀን ቀደም ብዬ እናቴ ቤት ምሳ ጋበዝኳቸው፤ ተቀበሉኝ። ድሉ የእኔ መስሎኝ ነበር። ጌታነህ ግን ማንም ሳይጠራው እንደ በረዶ የነጣ የክብር ልብሱን ለብሶ፣ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። መነጽሩን ለምን እንደያዘ ስጠይቀው፣ ኮሞዶሩ የፎገራን ወፎች ማየት ስለሚወዱ ነው አለ። እኔ ወፍ እንደሚወዱ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ቅናት እስካሁን ይታወሰኛል።

የፍልሰታ ጾም ስለነበር እናቴ ሽሮና ጎመን አቀረበች። ገና ሁለት ጉርሻ ሳንጎርስ በሩ ተንኳኳና ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ እስከ ደረቱ የራሰ ገበሬ ገባ። አያ ደሴ ይባላል፤ እናቴ ታውቀዋለች። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ዓይኑ በጌታነህ ነጭ ልብስ ላይ ቀረ።

"ጌቶቼ፣ ኮማንደር አለ ብለውኝ ነው የመጣሁ" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊቱን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጥቷል። አክስቱ እማሆይ ጥዑም፣ ሰማንያ ያለፋቸው መነኩሴ፣ ሜዳው መካከል ካለች ጉብታ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከትናንት ጀምሮ ከቤታቸው ጭስ አልወጣም። ቀበሌው በእርዳታ ያገኛት አንዲት የሞተር ጀልባ አለች። ሊቀ መንበሩ ግን ያለ ኮማንደር ፊርማ አላንቀሳቅስም ብሏል። የከተማው ፖሊስ ኮማንደር ደግሞ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ሄዷል። ምስኪኑ ሰው ሲንከራተት አንዱ፣ የታደለ እናት ቤት ሁለት ኮማንደር ምሳ እየበላ ነው አለው።

ፖሊስ እንዳልሆንን ልነግረው አፌን ስከፍት ኮሞዶሩ እጃቸውን መታጠብ ጀምረው ነበር።

"ሁለት አለን" አሉ። "እንዲያውም ትርፍ ነው። ተነሡ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ፈተናው ይሄ ነው። ጌታነህም ገብቶታል፤ መነጽሩን በሻሽ ሲወለውል አየሁት።

ቀበሌው ስንደርስ ጠቡ በፊርማው ተጀመረ። ጌታነህ ወረቀቱን ሳበ። እኔ ማዕረጉን በማግኘት በሦስት ቀን ስለምቀድመው መልሼ ሳብኩት። ወረቀቱ ከሁለት ተቀደደ። ሊቀ መንበሩ ሌላ ጽፎ ሁለታችንንም አስፈረመና ማህተሙን በፊርማዎቻችን መካከል ልክ እንደ ገላጋይ አድርጎ መታው።

ጀልባዋ ከመጣች ጀምሮ ተነሥታ የማታውቅ ናት። ካንዴላዋን ፈትቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ፣ ገመዱን አራት ጊዜ ስስብ ሞተሯ ጮኸች። ሰዉ እልል አለ። እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያች ሰዓት ካፒቴን ነበርኩ። ኮሞዶሩ የታመመ ጉልበታቸውን ዘርግተው መካከል ላይ ተቀመጡ፤ አያ ደሴ ከፊታቸው ኩርምት አለ። ከዚያ ጌታነህ መጥቶ ከአጠገቤ ቆመና እጁን ዘረጋ።

እዚህ ላይ የትናንሽ ጀልባ ነገር ለማታውቁ ልንገራችሁ። በትልቅ መርከብ ላይ መሪው ከላይ ነው፣ ሞተሩ ከታች ነው፤ መነጽርና ግራሶ የሚገናኙት በስልክ ነው። በእንዲህ ያለችው ጀልባ ላይ ግን ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሎ አንዲት እጀታ ብቻ አለችው። እጀታዋን ብታዞራት ፍጥነት ይጨምራል፤ ወደ ጎን ብትገፋት ጀልባዋ ትታጠፋለች። መሪም እሷ ናት፣ ሞተርም እሷ ናት። የሠላሳ ዓመት ክርክራችንን ያህል ነገር ርዝመቷ አንድ ክንድ በሆነች እጀታ ላይ አረፈ።

መምራት የእኔ ሥራ ነው አለ ጌታነህ። ሞተር የእኔ ነው አልኩ። መሪው ነው ሲለኝ፣ የተሠራው ከሞተሩ ጋር ነው አልኩት። ኮሞዶሩ ወፍ ያዩ ጀመር። በመጨረሻ አያ ደሴ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አይቶ፣ እማሆይ ሳይሞቱ ብንደርስ አለ፤ አፍረን ተስማማን። ጌታነህ ከፊት ቆሞ ያዝዛል፤ እኔ እጀታዋን ይዤ እፈጽማለሁ። በዚህ ስምምነት ማን እንደተጎዳ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

መጀመሪያ ላይ ጥልቅ የሆነውን ቦይ ተሻገርን፤ አያ ደሴ ጠዋት ሊሻገር ሞክሮ እስከ ደረቱ ገብቶ የተመለሰበት እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። ዓይን እስኪታክተው ድረስ ቡናማ ውሃ ነው፤ ወደ ምዕራብ ጣናና ሰማዩ አይለዩም። ጌታነህ ደረቱን ነፋ። በነጭ ልብሱ ከፊት ቆሞ፣ ሦስት ዲግሪ ወደ ቀኝ ይላል፤ ሁለት ዲግሪ ወደ ግራ ይላል። በሩዝ ማሳ ላይ ዲግሪ ሲቆጠር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አያ ደሴ አንድ ሁለት ጊዜ፣ "ጌቶቼ፣ ይሄ እኮ" ብሎ ሲጀምር ጌታነህ ዘወር ሳይል፣ በትእዛዝ ሰዓት ወሬ የለም አለው። እኔም፣ አያ ደሴ ይታገሡ፣ ሞተሩን ልስማበት አልኩ። በአንድ ነገር የተስማማነው አያ ደሴን ዝም በማሰኘት ብቻ ነው።

ጉብታዋና የእማሆይ ጎጆ ከሩቅ ታዩ። ጌታነህ ፍጥነት ጨምር አለ፤ ጨመርኩ። ቀጥሎ ትንሽ ወደ ግራ አለ። አንባቢዎቼ፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ። ትንሽ አላልኩም። እጀታዋን በሙሉ ክንዴ ገፋኋት። ለምን ብትሉኝ፣ ጌታነህ ተንገዳግዶ ነጭ ሱሪው ሲቆሽሽ ኮሞዶሩ እንዲያዩልኝ ነው። እውነትም ተንገዳገደ። በዚያው ቅጽበት ግን ጀልባዋ በአፍንጫዋ አንድ ነገር ላይ ወጥታ ግርር አለችና ቆመች። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኾ ጸጥ አለ።

ከውሃው በታች ከፍ ተደርጎ የተደለደለ የሩዝ ማሳ ድንበር ላይ ወጥተን ተቀምጠናል። ሞተሩን አዘንብዬ ሳይ ውሃውን የሚቀዝፈው ፕሮፔለር ሩዝ ተጠምጥሞበት የነዶ ያህል ሆኗል፤ የሚያስረው ፒንም ተቆርጧል። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ብዙ ዓመት የውሃ ሞተር የጠገንኩ ሰው ነኝ። የሩዙ ጫፍ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ እያየሁት ነው። ግን ጀልባ ውስጥ ነኝ፣ ኮሞዶር አጠገቤ አሉ፣ ስለዚህ የማየው ባሕር ነበር።

ጌታነህ በስልኩ ያለንበትን ነጥብ መዘገበና ጀልባዋ መሬት ላይ የተቀመጠችው ግራሶው ትእዛዙን አብዝቶ ስለፈጸመ ነው አለ። እኔ ፍጥነት ያዘዘው ማን ነው አልኩ። እሱ ሪፖርት እጽፋለሁ አለ፤ እኔም እጽፋለሁ አልኩ። እርዳታ ከባሕር ዳር ይጠራ፣ አይጠራ ብለን ተከራከርን። ለመግፋት መውረድ አንዳችንም አላሰብንም። ሁለታችንም በአሥራ ስምንት ዓመታችን የተማርነው አንድ ሕግ አለ፤ ከመርከብ የሚወረደው ስትሰጥም ብቻ ነው። ይህችኛዋ ደግሞ የምትሰጥምበት ውሃ አልነበራትም። ሰዓቴን ሳይ ግማሽ ሰዓት አልፏል። አያ ደሴ ጋቢውን ተከናንቦ ጸጥ ብሏል።

በኋላ ጌታነህ መነጽሩን ወደ ጉብታዋ አነሣና ድምፁ ተለወጠ። አንድ ሰው በውሃው ላይ እየተራመደ ወደ እኛ ይመጣል አለ። መነጽሩን ነጥቄ አየሁ። እውነት ነው። ቢጫ ቆብ፣ መቋሚያ፣ በብብት የታቀፈች ጥቁር ዶሮ። ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ገበያ የሚሄድ ሰው አረማመድ ይራመዳሉ። ጌታነህ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

"እማሆይ፣ ካሉበት አይነቃነቁ። ልናድንዎ ነው የመጣን።"

እማሆይ ግን መጡ። መቋሚያቸውን ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ አሳረፉና አራታችንንም አንድ በአንድ ተመለከቱን።

"ምን ሆናችሁ ነው ልጆቼ? ውሃው እኮ እስከ ጉልበት ነው" አሉ።

 ዶሮዋ ብቻ ተናገረች።

እማሆይ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው፣ አንተስ አገርህን አታውቀውም ወይ፣ ለምን አትነግራቸውም አሉት። አያ ደሴ አንገቱን ደፋ። "ጌቶቹ ዝም በል አሉኝ" አለ። ስለ ጭሱ ሲጠየቁ ደግሞ እማሆይ ተገረሙ። ጾም አይደለም እንዴ፣ በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ጭስ ለምኔ ነው አሉ። የወጡትም ከሩቅ ሆነው አንዲት ጀልባ ተሰንቅራ ሰዎች እጃቸውን ሲያወናጭፉ አይተው፣ ምስኪኖች ምን ሆነው ይሆን ብለው ሊረዱን ነው።

ኮሞዶሩ ሳቁ። በባሕር ኃይል ውስጥ ሲስቁ ያየ ሰው የለም፤ እኔ አየሁ። እንባቸውን ጠርገው፣ እማሆይን ከነዶሯቸው ወደ ጀልባዋ እንድናወጣ አዘዙን። አወጣናቸው። ከዚያ ገመዱን አነሡና ለሁለታችን ወረወሩልን።

"ውሃው እስከ ጉልበት ነው" አሉ። "ሳቡ።"

ወረድን። እስከ ጉልበት ነበር። ከድንበሩ ላይ አላቀቅናትና ገመዱን በትከሻችን አድርገን እንደ ጥማድ በሬ መጎተት ጀመርን። አያ ደሴ ከኋላ ይገፋል። ያ ትሑት ሰው ቀኑን ሙሉ አፉን ያስያዝነውን የተበቀለው ያኔ ነው። በሬ እንደሚነዳ "ና በል፣ ጠጋ በል" ማለት ጀመረ፤ ኮሞዶሩም አልከለከሉትም።

ጭቃው ጫማ ይውጣል። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይወድቃል፤ ሁለት ጊዜ ወደቅን። ከዚያ በኋላ ሳንነጋገር እርምጃችንን አስተካከልን። የጌታነህ ነጭ ሱሪ እስከ ወገቡ የጭቃ ቀለም ይዟል፤ ይህን ለማየት ነበር እጀታዋን የገፋሁ፣ ሳየው ግን ደስ አላለኝም። መንገዱን ጥቂት እንደሄድን፣ ከጀልባዋ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"ታደለ፣ ይህን ሹመት ካላገኘሁት ወደ ክፍል ልመለስ ነው። ስንት ዓመት ካርታ ሰቅዬ ባሕራችን የት ነው ለሚሉኝ ልጆች መልስ ሳጣ እንደኖርኩ አንተ አታውቅም።"

አላውቅም ነበር። ጠይቄው አላውቅም። የማውቀው አድማስ ሲያይ ብቻ ነው።  አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

ቦዩ ጋ ስንደርስ መጎተት አይቻልም፤ ሞተሩ መነሣት ነበረበት። ለፒኑ ምትክ ሚስማር ፈለግን። እማሆይ ከመቋሚያቸው ጫፍ አንዲት ሚስማር አስወልቀው ሰጡኝ፤ በደንጊያ ቀጥቅጬ አገባኋት። ውሃው በዚያ በኩል ይገፋል። ጌታነህ ውሃውን ያነብባል፤ እኔ ሚስማሯ ስንት ጉልበት እንደምትችል አውቃለሁ። እጀታዋን ያዝኩ፤ እሱ እጁን በእጄ ላይ አደረገ። እሱ ወደ ጎን ይገፋል፣ እኔ አዞራለሁ። አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ተሻገርን። እንዲያ ያለ ሥራ በባሕር ኃይል ዘመኔ ሠርቼ አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም እናቴ ቤት ነበርን። እማሆይ ደረቅ ነጠላ ለብሰው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዶሮዋ ከአልጋ ሥር ገብታለች። ኮሞዶሩ ሁለታችንን አቁመው፣ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ሪፖርት አሉን።

"ጀልባዋን መሬት ላይ ያስቀመጣት ማን ነው?"

ጌታነህ ቀደመኝ። "እኔ ነኝ ጌታዬ። ፍጥነቱን ያዘዝኩ እኔ ነኝ" አለ።

እዚህ ላይ ነው ሕይወቴ የተለወጠ። ዝም ብል ነገሩ አለቀ። ጥፋቱን ራሱ ተሸክሟል፤ እኔ ደግሞ የሞተችውን ሞተር አስነሥቻለሁ፣ በሚስማር ጠግኛለሁ። ካፒቴን ታደለ። አፌ ላይ ያለውን ጣዕም አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ሽሮ ሽሮ ይላል።  ዓይኔ እማሆይ ላይ አረፈ፤ እሳቸው አያዩኝም፣ እግራቸውን ያሞቃሉ። እግራቸው ጭቃ ነው። እኛን ለማዳን የገቡበት ጭቃ።

"ጌታዬ፣ ትእዛዙ ትንሽ ወደ ግራ ነበር" አልኩ። "በሙሉ ክንዴ የገፋሁ እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።"

"ለምን?"

"ሱሪው እንዲቆሽሽ ብዬ ነው ጌታዬ።"

እናቴ ፊቷን ሸፈነች። እማሆይ፣ ይሄ ልጅ ገና አላደገም አሉ። ጌታነህ ዞሮ አየኝ፤ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ከንፈሩ ዳር ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር አየሁ። ኮሞዶሩ ጫማቸውን ለመፈለግ ጎንበስ አሉ።

በመስከረም ሹመቱ ወጣ። ጌታነህ ካፒቴን ሆነ። ለእኔ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ። ልዋሽ አልፈልግም፤ አልቅሻለሁ። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ስሰናበት ኮሞዶሩ እስከ በር ሸኙኝ።

"ያን ቀን ዝም ብትል ሹመቱ ያንተ ነበር" አሉኝ።

"አውቅ ነበር ጌታዬ" አልኩ።

"ማወቅህን ለማወቅ ነው የነገርኩህ" አሉና እጄን ጨበጡኝ። ጥብቅ አድርገው ነው የጨበጡኝ፤ ሲለቁኝ ማዕረጉ የቀረብኝ አልመሰለኝም።

አሁን ወረታ ነኝ። የውሃ ሞተር እጠግናለሁ፤ የቀበሌዋን ጀልባም በነጻ እንከባከባታለሁ። ሚስማሯ እስካሁን እዚያው ናት። ሰዉ አሁንም ኮማንደር እያለ የተሰረቀ በሬ ያመጣብኛል፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ማስታረቅ ጀምሬያለሁ። ይፋግ ላይ ደግሞ ካፒቴን ጌታነህን በየትኛው አውሮፕላን ነው የምትበር እያሉ ሥራ አስፈትተውታል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጌታነህ ጋር የተጣላሁበት ነገር ጥልቅ ባሕር መስሎኝ ነበር። ከወደቅሁ የምሰጥም ይመስለኝ ነበር። ወደቅሁ፤ እስከ ጉልበት ነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ በአንዲት እጀታ ላይ ሁለት ሆናችሁ የምትሟገቱ ካላችሁ፣ እርዳታ ከመጥራታችሁ በፊት እግራችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት። አጠገባችሁ ዝም ያሰኛችሁት አንድ አያ ደሴ ካለም ጠይቁት።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ርብ እንደገና ሞላ። ገና ውሃው ሜዳው ላይ እንደወጣ አያ ደሴ ደጄ ላይ ቆመ። እማሆይ መልእክት ልከውኛል አለ። ምን አሉ ብለው፣ ሳቁ እያነቀው ቃል በቃል ነገረኝ።

"ለባሕር ኃይሎቹ ንገራቸው። ዘንድሮ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ልጆቹ አይጨነቁ።"

ለካፒቴኑ ደውዬ እንደደረሰኝ አቀረብኩለት።  እሱም እንደ ደንቡ "መልእክቱ ደርሶኛል" አለና፣ ቀጥሎ ለፍልሰታ ፈቃድ እንደጠየቀ፣ ለእማሆይ መቋሚያ የሚሆን አዲስ ሚስማር እንደገዛ ነገረኝ። ለፈቃዱ ምን ምክንያት እንደሰጠ ስጠይቀው አልደበቀኝም።

"እናትህ ታማለች ብያለሁ" አለኝ።